አቼቶው ያነጣው

ማሊዋን ስትሞት አርባ አንድ ዓመቷ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ገላዋን የምታጥባት ታናሽ እህቷ ካምፑን ብቻ ነበረች፤ ሌላው ሰው ወደ ክፍሏ መዝለቅ አቅቶት ነበር። ሽታው ነው። ከማሕፀኗ በር የተነሣው ካንሰር ውስጥ ውስጡን ሲበላት ከርሞ፣ በስተመጨረሻ እንደ በሰበሰ ዓሣ ይሸት ጀመር። ጎረቤት ሊጠይቅ ሲመጣ ቤቱ ከቆመባቸው ምሰሶዎች ሥር፣ ከታሰሩት የእርሻ ጎሾች አጠገብ ቁጭ ብሎ ወደ ላይ «ዛሬስ እንዴት አደረች?» ይላል እንጂ ደረጃውን አይወጣም። ካምፑን ጠጅ ሣር ቀቅላ በውሃው ታጥባታለች፣ ጨርቋን ትለውጥላታለች፣ የተለወጠውን ወስዳ ማሳው ዳር ታቃጥላለች። ማሊዋንን ከሕመሙ ይልቅ ሽታዋ ያሳፍራት ነበርና፣ «አንቺን ግን አይሸትሽም?» ብላ ትጠይቃታለች። «ኧረ ምንም!» ትላለች ካምፑን። ከዚያ ትወርድና ከሙዙ ተክል ሥር ታስመልሳለች።

የእህቷ አስከሬን እንደ አገሩ ወግ በቡድሃ ገዳሙ ግቢ ከተቃጠለ በኋላ ካምፑን በልቧ አንድ ነገር ቆረጠች። እንዲህ ያለ ጉድ እሷም ሆድ ውስጥ ካለ፣ ማወቅ አትፈልግም። ይኸው ነው።

የዕለት ጉርሷ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ካለው የሮቃ ዛፍ ሥር ነበር። ያልበሰለ ፓፓያ ከትፋ ከቃሪያና ከሎሚ ጋር በሙቀጫ ትወቅጣለች፤ የተብላላ የዓሣ ጭማቂ ጠብ ታደርግበታለች፤ ደንበኛው በእጁ ጠፍጥፎ ከሚይዘው ትኩስ ሩዝ ጋር ያጣጥመዋል። የእጇን ያህል ምላሷም ቃሪያ ነበር። ከመንደሩ ጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ራቻኒ ሁልጊዜ ቀትር ላይ ያንን ወፍራም ሰውነቷን በርጩማው ላይ ትዘረግፍና ሁለት ሳህን ሳትጨርስ አትነሣም። ሃምሳ ዓመቷ ነው፤ ወሬዋ ከሩቅ ይሰማል።

«ካምፑን፣ አራት ዓመት ሙሉ የአንቺን በርጩማ ሳሞቅ ኖርኩ» ትላለች አፏን ሞልታ። «አንቺ ግን የእኔ የምርመራ አልጋ ላይ አንድ ቀን ብቅ አላልሽም።»

«ያንቺ አልጋ እግር ያስከፍታላ፣ እትዬ። የኔ በርጩማ የሚያስከፍተው አፍ ብቻ ነው።»

«አቼቶ ነው እኮ የምቀባሽ! አንድ ደቂቃ አትሞላም።»

«አቼቶ ለሰላጣ ነው። እኔ ሰላጣ መሰልኩሽ?»

በዙሪያው ያሉት ሴቶች ይስቃሉ። ራቻኒም ትስቃለች፤ ሳቋ ሲያልቅ ግን ዓይኗ ካምፑን ላይ ትንሽ ይቆያል።

ካምፑን ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሏ ዊሩን ባሕሩ ዳር ባለ የጎማ ፋብሪካ ይሠራል፤ በዓመት ሁለቴ ይመጣል። ዘጠኝ ዓመት በትዳር ሲኖሩ ሁለት ጊዜ ጸንሳ፣ ሁለቱም በሦስተኛ ወራቸው ወርደውባታል። የምትኖረው ከአማቷ ከእማማ ቡዋ ጋር ነው። እማማ ቡዋ አጥንታቸው እንደ ቀርከሃ የደረቀ፣ ቁጡ ሴት ናቸው። የልጅ ልጅ ጉዳይ በየቀኑ ባያነሡትም፣ ለልጅ የሚሆን የቀርከሃ አልጋ ጣሪያው ሥር ሰቅለው ዘጠኝ ዓመት አቧራውን ሲጠርጉ ኖረዋል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? ሰው ውሃ በሚራጭበት የአዲስ ዓመት በዓል ዊሩን መጥቶ አራት ቀን ተቀምጦ ተመለሰ። እሱ በሄደ ማግስት ካምፑን ሽርጧን ልታጥብ ስትዘረጋው ደም አየችበት። የወር አበባዋ ጊዜ አልነበረም። ሁለት ጠብታ ናት፤ ካምፑን ግን ሽርጡን ሦስት ጊዜ ደጋግማ አጠበችው። ማሊዋንንም የጀመራት እንዲሁ ነበር።

ሦስት ሳምንት ለማንም ትንፍሽ ሳትል ቆየች። በቀን አራት ጊዜ ትታጠባለች። ጠጅ ሣሩን ከሥሩ እየነቀለች ስለጨረሰችው እማማ ቡዋ «ይህቺ ሴት ሾርባ ልትሸጥ ነው እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ፓፓያ እየወቀጠች ድንገት ዘነዘናውን ታቆምና አየሩን ታሸታለች። አንድ ከሰዓት አላስችል ብሏት አማቷን ጠየቀች።

«እማማ፣ የሆነ ነገር ይሸትዎታል?»

«ምን ይሸተኛል?»

«እንጃ። እኔ... የሚሸት ነገር አለኝ?»

እማማ ቡዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «የተብላላ ዓሣ ስትሸጪ ውለሽ ጽጌረዳ ትሸቺ ኖሯል?»

ካምፑን ልትስቅ ሞክራ ሳቁ እምቢ አላት። በማግስቱ ማክሰኞ ሙቀጫዋን ዘቅዝቃ ትታ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደች። ራቻኒ በሩ ላይ ስታያት ቀልድ ልትጀምር ከንፈሯን ከፈተችና የካምፑንን ፊት አይታ መልሳ ገጠመችው።

አልጋው ጠባብ ነው። ብረቱ ሲገባ ቀዘቀዛት። ራቻኒ በመብራት እያየች አቼቶ የነከረችውን ጥጥ አስገብታ ቀባችና «አሁን አንድ ደቂቃ እንጠብቃለን። ጤነኛው ሮዝ እንደሆነ ይቀራል። የታመመ ካለ ይነጣል» አለች። ከዚያ ስለ ጎረቤት ውሻ ወሬ ጀመረች። በወሬው መካከል ዝም አለች። ካምፑን ራቻኒን በሕይወቷ ዝም ስትል አይታት አታውቅም ነበር።

«ነጭ ነው፤ አይደል?» አለች ጣሪያውን እያየች።

«ነጭ ነው።»

«ብዙ ነው?»

ራቻኒ መብራቱን አጠፋች። «ትንሽ ቢሆን እዚሁ፣ አሁኑኑ፣ በዚያ በጋዙ አቀዝቅዤ እገድለው ነበር። ግን ወደ ውስጥ ገብቷል። መጨረሻው አይታየኝም። መጨረሻውን የማላየውን ነገር አልነካም። ትልቁ ሆስፒታል መሄድ አለብሽ።»

በትልቁ ሆስፒታል ዶክተር ናሪሳ የምትባል ወጣት ሐኪም ከማሕፀኗ በር ቁራሽ ሥጋ ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱን የነገረቻት ወንበሯን ወደ እሷ ስባ ነው። «እትዬ ካምፑን፣ ካንሰር አይደለም። ገና አይደለም። ወደዚያ የሚያመሩ ክፉ ሕዋሳት ናቸው፤ ከባድ ከሚባለው ደረጃ ደርሰዋል። በኤሌክትሪክ በምትግል ቀጭን የሽቦ ቀለበት ቆርጠን እናወጣቸዋለን። በዚያው ቀን ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

ካምፑን ከዚህ ሁሉ ውስጥ የሰማችው «ገና» የምትለዋን ቃል ብቻ ነበር። ከዚያ እንደ ምንም ብላ «ልጅስ?» አለች።

ሐኪሟ አልዋሸቻትም። «ብዙዎቹ ከዚህ በኋላ ይወልዳሉ። የሚቆረጠው ብዙ ከሆነ ግን የማሕፀኑ በር ስለሚያጥር፣ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ሊመጣ ይችላል።»

እማማ ቡዋ ይህን ሲሰሙ እጃቸው ላይ የነበረውን የሩዝ ወንፊት መሬት ላይ አስቀመጡት። «የከረጢት አፍ ተቆርጦ እህል ይይዛል? አንቺው ንገሪኛ! ሁለቱን እንኳ ሳይቆረጥ መያዝ ያቃተሽ፣ ተቆርጦ ልትይዢ ነው?»

ነገሩ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ እሳቸውም ደነገጡ። ግን አልመለሱትም። ካምፑን ወደ ዊሩን ደወለች። ከበስተጀርባው የማሽን ድምፅ ይጮሃል። «አንቺ እንዳልሽ ይሁን» አላት መጀመሪያ። ቀጥሎ «ግን እናቴን ስሚያት፤ እሷ ብዙ አይታለች» አለ። ወዲያው «እረፍቴ አለቀ» ብሎ ዘጋው።

እማማ ቡዋ ወንዝ ማዶ ወዳለ ሽማግሌ መድኃኒተኛ ወሰዷት። ሽማግሌው እጇን ዳብሰው፣ ሥር ቀጥቅጠው፣ ቀኑን ሦስት ጊዜ እንድትጠጣው ሰጧት። እንደ ሐሞት ይመር ነበር። ጠጣችው። አንድ ወር፣ ሁለት ወር፣ አራት ወር ጠጣችው። ደሙ አንዳንዴ ይጠፋና «ዳንኩ» ትላለች፤ አንዳንዴ ይመጣና ቀኑን ሙሉ ከሰው አትነጋገርም። ከሆስፒታሉ የተደወሉትን ሁለት ጥሪዎች አላነሣችም። ራቻኒ ወደ ሮቃው ዛፍ ስትመጣ ካየች ዕቃዋን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ትደበቃለች። ለሕክምናው የተቀጠረላት ቀን ሲያልፍ እቤቷ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቱን ታይ ነበር። እግሯ ሊሄድ ይፈልጋል፤ ግን ወዴት እንደሆነ አያውቅም። ብትቆረጥ ልጅ የለም። ባትቆረጥ ማሊዋን አለች። በሁለቱ መካከል የምትቆምበት አንዲት ስንዝር መሬት አጣች።

ዝናቡ ገብቶ ሩዝ ተከላ ተጀመረ። አንድ ጠዋት ካምፑን እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ችግኝ ስትሰካ ከኋላዋ የውሃ መንቦጫረቅ ሰማች። ራቻኒ የነርስ ልብሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየመጣች ነው። ሁለት ጊዜ ወደቀች። ማሳው ላይ ያሉት ሴቶች ሊስቁ ጀምረው ፊቷን ሲያዩ ተዉት።

«እትዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ትታመሚያለሽ እኮ!»

«ዝም በይ!» አለች ራቻኒ እያለከለከች። «አራት ወር እንደ ሌባ ስትሸሺኝ ዝም አልኩ። አሁን አንቺ ዝም ብለሽ ትሰሚኛለሽ። ማሊዋን እኔ ዘንድ መጥታ ነበር። ታውቂያለሽ?»

ካምፑን የያዘችው የችግኝ እስር ከእጇ ወደቀ።

«ሁለት ጊዜ መጣች። 'ያለ ጊዜው ደም አየሁ' አለችኝ። እኔ ያኔ ይህን ነገር አልተማርኩም፤ አቼቶውም አልመጣም ነበር። ግን ትልቁ ሆስፒታል ልልካት እችል ነበር። 'የዕድሜ ነው፣ ድካም ነው' ብዬ የደም ማነስ ክኒን ሰጥቼ ሰደድኳት። ሁለት ጊዜ! ስትቃጠል ገዳሙ ውስጥ ከኋላ ቆሜ ነበር። እናንተ ያለቀሳችሁት ለእህታችሁ ነው፤ እኔ ያለቀስኩት ለእጄ ሥራ ነው።» ጭቃ ባለበት እጇ ፊቷን ጠረገችና ፊቷ ሁሉ ጭቃ ሆነ። «አንቺን ደግሞ ከጨመርኩ ነርስ አይደለሁም፤ ቀባሪ ነኝ። በቃ፣ ስደቢኝ ከፈለግሽ።»

ካምፑን መሳደብ ፈለገች። የወደቀውን የችግኝ እስር ከጭቃው ለቅማ አነሣች። ከዚያ «ለምን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም?» አለች።

«ፓፓያ እንዳትከለክይኝ» አለች ራቻኒ፤ እሷም ራሷ ለቀልዱ አልሳቀችም።

በዚያው ሳምንት ካምፑን ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄደች። ራቻኒ አብራት ሄደች። እግሯን ሰቅለው፣ ጭኗ ላይ የሚጣበቅ ነገር ለጥፈው፣ የማደንዘዣውን መርፌ ወጓት። ከዚያ ማሽኑ እዝዝ አለ። ሕመም የለም፤ የሚሸት ነገር ግን አለ፤ የሚቃጠል ሥጋ፣ የራሷ ሥጋ። ጭሱን የሚስብ ቱቦ ቢኖርም አፍንጫዋ ደረሰ። ዓይኗን ጨፍና የራቻኒን ወፍራም አውራ ጣት እስኪነጣ ድረስ ጨመቀችው። አሥር ደቂቃ አልሞላም። «አለቀ» አለች ዶክተር ናሪሳ። ካምፑን አለቀ የሚለውን ቃል አምናው ወጣች።

አላለቀም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለውጤት ስትቀርብ ሐኪሟ ወንበሯን እንደገና ሳበች። ካምፑን የወንበሩን ድምፅ ስትሰማ አወቀችው።

«የተቆረጠው ጠርዝ ንጹሕ አልሆነም። ወደ ላይ ያለው ጫፍ ላይ ክፉዎቹ ሕዋሳት አሁንም አሉ። ወዲያው ብትመጪ ኖሮ ይለይ ነበር ወይ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አላውቅም። አሁን ሁለት መንገድ አለ። እንደገና ጠለቅ አድርገን እንቆርጣለን፤ ወይም ማሕፀኑን አውጥተን እንገላገላለን። የልጅ ነገር ባይኖር ሁለተኛውን እመክርሽ ነበር።»

ካምፑን ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ዊሩን ጋ ደወለች፤ አላነሣም። ደግማ ደወለች። ሦስተኛም፣ አራተኛም። ፈረቃ ላይ ነው። አጠገቧ ያረገዘች ልጅ እግር ሴት ሆዷን እያሻሸች ብርቱካን ትልጣለች። ካምፑን ግድግዳውን ተደግፋ ቁልቁል ተንሸራተተች፤ ሽርጧን አፏ ላይ ጭና ወለሉ ላይ አለቀሰች። ሰው እየተራመዳት ያልፋል። ምን ብላ ትምረጥ? ማንን ትጠይቅ? የሞተችው እህቷ አትመልስ፣ ያለው ባሏ አያነሣ። ስትነሣ ዓይኗ አብጦ ወደ ክፍሉ ተመለሰች።

«ቁረጪው» አለች። «ግን ቤቱን አታፍርሽብኝ።»

ሁለተኛው ቀዶ ጥገና አስተኝተው ነው የሠሩት። ከባድ ነገር አታንሺ፣ ረጅም መንገድ አትሂጂ ተባለች። እንደታዘዘችው አደረገች። ይሁንና በዘጠነኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ቁጭ ብላ ነጭ ሽንኩርት ስትልጥ፣ አንዳች ሙቅ ነገር ከሥሯ ፈሰሰ። ስታይ ወለሉ ቀይ ነው፤ በሳንቃዎቹ ክፍተት እየተንጠባጠበ ታች ወዳሉት ዶሮዎች ይወርዳል።

«እማማ!» አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ነው መጥራት የቻለችው።

እማማ ቡዋ ከጓሮ ሮጠው ደረሱ። በስድሳ አንድ ዓመታቸው ምራታቸውን ታቅፈው ደረጃውን እንዴት እንዳወረዷት ኋላም ማስረዳት አልቻሉም። የጎረቤታቸው ፒካፕ ላይ ጫኗት። ጎርፉ ድልድዩን ስላጥለቀለቀው በዙሪያው መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ከኋላ፣ ክፍቱ ጭነት ላይ፣ አሮጊቷ የለበሱትን የላይ ሽርጥ አውልቀው በውስጥ ሽርጥ ብቻ ሆነው፣ ጨርቁን በካምፑን እግሮች መካከል በሁለት እጃቸው ጨመቁት። ያ ሲርስ የራስ ፎጣቸውን ጨመሩ። ካምፑን ከንፈሯ አመድ መሰለ። ዓይኗ ወደ ላይ ሲገለበጥ እማማ ቡዋ እንደ አገራቸው ወግ የጠፋችውን ነፍስ መጥራት ጀመሩ፤ መኪናው በማሳው መካከል እየበረረ፣ በታላቅ ድምፅ፦

«ነይ፣ የካምፑን ነፍስ፣ ነይ! ጫካ ገብተሽም ከሆነ ነይ! ወንዝ ወርደሽም ከሆነ ነይ! የተከልሽው ሩዝ አለ፣ ሙቀጫሽ አለ፣ ተመለሺ! አፌ ነው የሰደበሽ፤ ለአፌ ብለሽ አትሂጂ! ልጅ አትውለጂልኝ፣ ምንም አልፈልግም፣ ነይ ብቻ!»

የፒካፑ ነጂ እያለቀሰ ይነዳ ነበር።

ሆስፒታሉ ደርሰው ፋሻ ጠቅጥቀው፣ ሰፍተው፣ ሁለት ከረጢት ደም ሰጧት። ስትነቃ እማማ ቡዋ የእጇ አንጓ ላይ ነጭ ክር እያሰሩላት ነበር፤ ነፍስ ተመልሳ እንዳትወጣ። የደረቀ ደሟ ገና ጥፍራቸው ውስጥ ነበር።

ዊሩን በማግስቱ ወይን በፌስታል ይዞ መጣ። ሁለት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጦ ወይኑን አብዛኛውን ራሱ በላው። «ስልኬን አላየሁትም» አላት። እሷም «አውቃለሁ» አለችው።

የሁለተኛው ቁርጥ ጠርዝ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዶክተር ናሪሳ ይህን የነገረቻት ቆማ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ካምፑን ጸነሰች። የማሕፀኗን በር በክር ሰፉላት። ሦስተኛው ወር አለፈ፤ ያለፈ ቀን ሁሉ በእልልታ ሊታለፍ ምንም አልቀረውም። አራተኛው አለፈ። እማማ ቡዋ ግን ያንን የቀርከሃ አልጋ ለማውረድ ፈሩ፤ ዓይናቸውን እንኳ ወደ ጣሪያው አያነሡም። በአምስተኛው ወር አጋማሽ፣ እንደተኛች፣ ምንም ሳታደርግ፣ የእንሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። ሴት ልጅ ነበረች። አልጮኸችም።

«በመቆረጤ ነው?» ብላ ጠየቀች ካምፑን።

ዶክተር ናሪሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሊሆን ይችላል። የበፊቶቹ ሁለቱ ግን ሳትቆረጪም ወርደዋል። እውነቱን ልንገርሽ? አላውቅም።»

ካምፑን ያንን «አላውቅም» ለብዙ ወራት ስታኝከው ኖረች። ፓፓያ መውቀጡንም ተወች። አንዳንድ ጠዋት ከምንጣፏ መነሣት ያቅታትና እማማ ቡዋ ከአጠገቧ ቁጭ ብለው ሩዝ በጣታቸው እየጠቀለሉ ከንፈሯ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ካልዋጠችው አይነሡም። የዊሩን ስልክ በሳምንት የነበረው በወር ሆነ፤ ከዚያ ቆመ። ባሕሩ ዳር ሌላ ሴት ጋ ቤት መሥርቷል የሚል ወሬ መጣ፤ እውነትም ነበር። ካምፑን ልብሷን አጣጥፋ ወደ አባቷ መንደር ልትሄድ ስትነሣ እማማ ቡዋ ደረጃው ላይ ተቀመጡባት።

«ወዴት ነው?»

«ምን ልሁን ብዬ እዚህ እቀመጣለሁ፣ እማማ? ምራትዎ እኮ አይደለሁም አሁን።»

«እሱ ልጄ ነው፤ የወለድኩትን አልክደውም። ቤቱ ግን የኔ ነው። ከቤቴ ማን እንደሚወጣ የምወስነው እኔ ነኝ። አስቀምጪው ያንን ሻንጣ፤ ደግሞ የዛሬውን ሩዝ አልዘፈዘፍሽም።»

አስቀመጠችው።

አሁንም በዓመት አንድ ጊዜ ለምርመራ ትሄዳለች። ከቀጠሮው ሳምንት በፊት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ዓመታት ቢያልፉም ያን ሳምንት አልለመደችውም። አልጋው ላይ ወጥታ አቼቶው ሲቀዘቅዛት ትንፋሿን ይዛ ትቆጥራለች። ባለፈው ጊዜ እማማ ቡዋ «ብቻሽንማ አትሄጂም» ብለው ተከትለዋት ነበር፤ ኮሪደሩ ላይ በሩዝ የተሞላ ሙዳይ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠበቋት።

«ምን አሉ?» አሉ ገና በሩ ሲከፈት።

«በዓመቱ ነይ አሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ንጹሕ ነው፤ በዓመቱ ነይ።»

አሮጊቷ የሙዳዩን ክዳን ከፈቱ። «እንግዲያ ብዪ። ከጠዋት ጀምሮ በባዶ ሆዴ ነው የተቀመጥኩት።»

ካምፑን አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ሁለቱም ከአንድ ሙዳይ በሉ።